የኮልያ ራስጌ

በሚያዝያ ወር አንድ ማክሰኞ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ጋንታችን ከኤረር ወጣ ብሎ ሲያጅበው የነበረው የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ ቡድን ላይ ተኩስ ተከፈተ። ሦስት ሰዎች ሞቱ።

ቆፋሪው ድርጅት የቱርክ ነበር። ኃላፊው መህመት ገበያ ላይ በለቀማት አማርኛ ያወራናል። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ኮልያ ግን አማርኛ አያውቅም፤ ከመህመት ጋር በአንድ ቋንቋ ሲሳሳቁ ይውላሉ። ሁለቱንም «ቱርኮቹ» እንላቸው ነበር።

እሑድ ዕለት ሁለት ፍየል አረድን፤ አንዱን ለክርስቲያኑ፣ ሌላውን ለሙስሊሙ ወታደር። ለእንግዶቹ ከሙስሊሞቹ ድስት ቀረበላቸው። ኮልያ ጠግቦ በላ።

«ቱርኩ የኛ ነው፤ አትቅኑ!» አለን ወታደር አሊ።

የማንን ሥጋ እንደበላ ስላየን ሃይማኖቱን የጠየቀው አልነበረም።

ማክሰኞ ተኩሱ የመጣው በግራችን ካለው ኮረብታ ነው። ተኛን። መለስን። አስር አለቃ ደስታ መትረየሱን ሊያዞር ሲነሳ ወደቀ። ሾፌሩ አብዲ መሪውን እንደጨበጠ ሞተ። ኮልያን ከማሽኑ ሥር ስናወጣው ትንፋሽ አልነበረውም። ታጣቂዎቹ ሸሹ። ይመለሱ አይመለሱ አናውቅም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቦታውን እንድንለቅ በሬዲዮ ታዘዝን። የተረፈችን አንዲት መኪና ለቁስለኞቹም አልበቃችም፤ ሙታኑን እዚያው መቅበር ነበረብን። ውሃው የሚወጣላቸው የመንደሩ ሰዎች ለአብዲና ለኮልያ ቆፈሩ፤ እኛ ለደስታ። ሽማግሌው ሼክ ኑር ኮልያን ለማጠብ ውሃ ሲያስመጡ መህመት ሬሳው ፊት ቆመ።

«አይሆንም። ኮልያ ክርስቲያን።»

«ቱርክ አይደለም እንዴ?» አለ አሊ።

«ቱርክ አይደለም፤ ጋጋውዝ። አገር ሞልዶቫ። ቋንቋ አንድ፣ ወንድም። ሃይማኖት ሌላ፤ ኦርቶዶክስ።»

በልጅነቱ ዲያቆን የነበረው ሃምሳ አለቃ ተፈራ ጎንበስ ብሎ የኮልያን አንገት አየ። ማተብ የለም።

«የሙስሊም ሥጋ ሲበላ አይተነዋል» አለ። «ምን ብዬ ልጸልይለት?»

ሁለቱም ወገን እጁን ሰበሰበ። የመኪናው ሞተር ተነስቷል። ዓይናችን ከኮረብታው አልተነቀለም።

«አንተ ሙስሊም ነህ» አሉ ሼክ ኑር። «ወንድሜ ካልከው ለምን ለኛ አትተወውም?»

«እናት አለው፣ ሼክ። ልጄን እንዴት ቀበርክ ትላለች። እኔ ምን ልበል? ውሸት?»

አሊ ወደ ተፈራ ዞረ።

«ድስቱን ፊቱ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፣ ሃምሳ አለቃ። እሱ መች መረጠ?»

ተፈራ ቆቡን አወለቀ። ሼክ ኑር ወደ ተቆፈረው መቃብር ተመለከቱ። መካ ከዚያ አገር በሰሜን ስለሆነ ጉድጓዱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተዘርግቷል። ሙስሊም ራሱ በምሥራቅ ሆኖ በቀኝ ጎኑ ይተኛል። ክርስቲያን ራሱ በምዕራብ ሆኖ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያደርጋል።

«ሌላ ለመቆፈር ጊዜ የለም» አሉ። «ጉድጓዱ ያው ነው፤ ራስጌውን አዙሩት።»

አዞርነው። ተፈራ የሚያስታውሰውን ጸሎት አደረሰ። መህመት አጠገቡ መዳፎቹን ዘርግቶ ቆመ። አፈሩን ሁላችንም መለስን። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሳን።

ከዓመታት በኋላ በዚያ ሳልፍ አየሁት። የውሃውን ጉድጓድ ሌላ ቡድን ጨርሶት ውሃ ወጥቷል። ሦስቱ መቃብሮች በአንድ መስመር ናቸው። የአብዲ ራስጌ በምሥራቅ ነው፤ የደስታና የኮልያ በምዕራብ።