በሐሰተኛው ክርስቶስ ፈተና ከሠላሳ ሠላሳ

ትምህርት ቤት የቆየሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ግዕዙን፣ ፈረንሳይኛውን፣ ወንጌሉን ከነትርጓሜው ለራሴ ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ጄኔቫ፣ ፓኪ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ አንድ ሆቴል አንሶላ ሳጥፍ ሃያ ዓመት ስኖር መጽሐፍ ከጎኔ ተለይቶ አያውቅም። ጄኔቫ ያለ አበሻ በጥቅስ ሲከራከር ዳኛው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ዙሪክ ትራም የሚነዳው የክርስትና ልጄ ደወለልኝ። ከእስያ የመጣ ማኅበር መጽሐፍ ቅዱስ እያስተማረው ነው። ጌታ በሥጋ ተመልሶ እዚያው እስያ ይኖራል፣ የተከተሉትም አይሞቱም ይላሉ።

"ጋሼ፣ ሁሉንም በጥቅስ ነው የሚሉት፤ መልስ አጣሁ። እሑድ ማተቤን እንድፈታ ይፈልጋሉ። መጥተው ቢያናግሯቸው።"

ያ ማተብ ሲታሰርለት ያቀፍኩት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት ባቡር ያዝኩ።

ዙሪክ ያለው የማኅበሩ አዳራሽ ምንጣፍ የለበሰ፣ የርካሽ ሽቶ ሽታ የሞላበት ነው። ግድግዳው ላይ እነሱ ጌታ የሚሉት፣ ነጭ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሽማግሌ ፎቶ ተሰቅሏል። ፀጉሩን ጥቁር ቀለም ተቀብቷል።

"የማይሞት አምላክ ሽበት ይደብቃል?" አልኩ። ልጄ በጀርመንኛ ተረጎመልኝ።

ከእስያ የመጣችው መምህርት ፈገግ ብላ አጨበጨበች። ማቴዎስን ጠቀስኩ፤ አጨበጨቡ። የሐዋርያት ሥራን ጨመርኩ፤ ቆመው አጨበጨቡ። ስኳር የበዛበት ሻይ በላይ በላዩ ይቀዱልኛል። እንዲህ ያለ አዋቂ አይተን አናውቅም አሉ። እውነታቸውን ነው። ቀጥለው በአማርኛ የተተረጎመ ፈተና ሰጡኝ።

ፈተና ሸሽቼ አላውቅም። ምን እንዲመለስላቸው እንደሚፈልጉ ለማወቅ ደግሞ ሊቅነት አያስፈልግም። የመጨረሻው ጥያቄ "ጌታ፦ ሀ. ይመጣል፤ ለ. መጥቷል" ይላል። "ለ"ን አከበብኩ። ከሠላሳ ሠላሳ። አቀፉኝ፣ ላብ የነካው ጉንጫቸውን ከጉንጬ አጣበቁ። ወረቀቴን ከሽማግሌው ፎቶ ሥር ለጠፉት።

ከወጣን በኋላ ፌርማታው ላይ ልጄ፣ "እርስዎ ከተቀበሉትማ እኔ ማን ነኝ? ነገ እፈታዋለሁ" አለኝ።

ክንዱን ያዝኩት።

"አልተቀበልኩም።"

"'ለ'ን አክብበዋል እኮ።"

"ነጥብ እንዳይጎድልብኝ ነው።"

"ለነጥብ ብለው ጌታን ካዱ?"

እነዚያ ሰዎች ሲያቅፉኝ ቀፍፈውኝ ነበር፤ አሁን ግን የገዛ ጣቶቼ ቀፈፉኝ። "አዎ፣ ክጃለሁ" አልኩት። እንዲህ ብሎ ለልጁ የሚናገር ሽማግሌ ብዙ አይገኝም።

ትራሙ መጣ፤ ልጄ አልተሳፈረም። ዞሮ ወደ አዳራሹ ገባ፤ ተከተልኩት። መምህርቲቱ ያንኑ ፈገግታዋን ይዛ፣ የተለጠፈ ወረቀት አይነሣም፣ በሰማይ ተመዝግቧል አለች። ልጄ ወረቀቱን ከፎቶው ሥር ቦጭቆ አወጣውና በእጄ አስያዘኝ።

"እኔ ነገ ቤተ ክርስቲያን ነኝ" አለኝ ደረጃውን ስንወርድ። "እርስዎ ግን ይህን ለንስሐ አባትዎ ያሳዩ። ነጥቡን እንኳ ባይነግሯቸው ይሻላል፣ ጋሼ።"

ማግስቱን ጄኔቫ ለንስሐ አባቴ ወረቀቱን ሰጥቼ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ነጥቡንም፣ ከሠላሳ ሠላሳ ብዬ፣ ነገርኳቸው፤ ኑዛዜ ጎደሎ አይሆንም።