የሞቀ እግር

አጎቴ ክረምት በገባ ቁጥር ከቡሬ ገጠር ፍኖተ ሰላም እኛ ቤት ይመጡ ነበር። ትምህርት ሲዘጋ ልጆቼ ስልክ እየነካኩ ያመሻሉ፤ እኔም እየጮኽሁ አስተኛቸዋለሁ። እሳቸው ግን ውኃ አሙቀው እግራቸውን ያጥቧቸዋል።

«ኧረ ጋሼ፣ ነውር ነው! ታላቅ የታናሽ እግር ያጥባል?» አልኋቸው።

«ዝም በል አንተ! የተቆጡት ልጅ ዓይኑን ይጨፍናል እንጂ አይተኛም። የሞቀ እግር ግን እንቅልፍ ይጠራል።»

አኩርፌ ወጣሁ።

በበጋው አረፉ። ዘንድሮ ውኃውን የማሞቀው እኔ ነኝ። አባቶች ሆይ፣ ቁጣ ልጅ አያስተኛም፤ እኔ ዘግይቼ ተማርሁ። ትናንት ልጆቹን ገና ሳይመሽ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። «እውነትዎን ነበር» ልላቸው ዘወር ብል፣ ይቀመጡበት የነበረው መደብ ባዶ ነው።