የአጎቴ ሁለተኛ ዓይን

የዚያን ዕለት ከባሕር ዳር ጊዮርጊስ በታች፣ ታንኳ ከሚያርፍበት ዳር የነበርነው እነዚህ ነን። አጎቴ፣ የሙሽሪት አባት። መሪጌታው፣ የሙሽራው አባት፤ ከማዶ ካለ ገዳም የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የሚሥሉ ናቸው። ባለታንኳው፣ ጌሾና እንጨት እያመላለሰ የሚኖር ሙስሊም ጎረቤታችን። ጣሊያኑ ሠዓሊ፣ በማዕረጉ ተራ ሶላቶ። እሱን የሚጠብቀው ባንዳ፣ የይፋግ ሰው። እኔ፣ አስተርጓሚው። ውሃ ሊቀዱ የወረዱ ሴቶችም ነበሩ፤ ስንት እንደነበሩ ስለማላስታውስ ቁጥር አልሰጥም። ስምም አልጽፍም። አጎቴ ስማቸው ከሥዕሉ ጋር እንዳይነሣ ለምነውኛል፤ የእሳቸውን ትቼ የሌላውን መጻፍ ደግሞ ደግ አልመሰለኝም።

ጣሊያንኛ ያስተማረኝ ሰው የለም። ከጀልባ ሳጥን ሳወርድ የሳጥኑን ጽሑፍ አነብ ነበር፤ የቀረውን ከሠራተኛ አለቃው ስድብ ለቀምሁ። ስለዚህ መጀመሪያ የማውቀው የዕቃ ስምና ስድብ ብቻ ነበር። ለብዙ ጉዳይ ይበቃ ነበር። ብዙ ስለማልናገር ደግሞ ጥሩ አስተርጓሚ ነው ተባልሁ።

ጣሊያኑ ከአሮጌ ድንኳን ሸራ እየቀደደ በዘይት ቀለም ይሥል ነበር። ሥዕሉ ሲደርቅ ለመጣው ሰው ይሰጠዋል፤ ለእንቁላል፣ ለማር፣ አንዳንዴም ለምንም። አንድ ቀን አጎቴ ከዋርካው ሥር ተቀምጠው ማዶ ማዶውን ሲያዩ ከጎናቸው ቆሞ ሣላቸው። እሳቸው ያወቁት ሸራውን ሲያስታቅፋቸው ነው። ጆሮው የራሳቸው ነው። ከጆሯቸው በታች ያለችው የቃጠሎ ጠባሳ እንኳ አልቀረችም። ዓይናቸው ግን አንድ ነው።

በእኛ አብያተ ክርስቲያናት ጻድቅ ሲሣል ፊቱን ወደ ሰው አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል። በጎኑ ዞሮ አንድ ዓይን የሚሰጠው ሰይጣን ነው፤ ጌታን የሚገርፉትም እንዲሁ። ይህን ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም፤ ሕፃን በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ሲገባ ያውቀዋል። አጎቴ ሥዕሉን ቤት ሊያስገቡት አልወደዱም። ማቃጠሉንም ፈሩ፤ ፊታቸው ነዋ። ለባለታንኳው ሰጡና ራቅ አድርገህ ውሰድልኝ አሉት።

ባለታንኳ ደግሞ የማይደርስበት ሩቅ የለም። የዘይት ቀለሙ ውሃ እንደማያሳልፍ ሲያይ ሸራውን በጌሾው ላይ ዘረጋው። ከዚያ ወዲያ አጎቴ በጌሾ ጭነት ላይ ተንጋለው፣ በአንድ ዓይናቸው ሰማይ እያዩ፣ ከገዳም ገዳም ዞሩ። መሪጌታው ያዩዋቸው በገዛ ገዳማቸው ዳር ነው። የሠርጉ ቀጠሮ ለጥር ነበር። ሽማግሌ ላኩ፤ በሰውየው ክፉ አላየሁም፣ ነገር ግን ዓይናቸው እስኪገኝ ሠርጉ ይቆይ አሉ።

የአጎቴ ልጅ ለዚያ ሠርግ ስትፈትል ነበር የከረመችው። ሽማግሌዎቹ እስኪወጡ ጠብቃ እንዝርቷን መሬት ላይ አስቀመጠችና አባቷን አየቻቸው።

«ሲሥልዎት ትንሽ ዞር ማለት አቃተዎት?»

አጎቴ በማግሥቱ ወደ እኔ መጡ።

እንዳጋጣሚ ጣሊያኑም ሥዕሎቹን ሊፈልግ ተነሥቶ ነበር። አለቃው ጎንደር ላይ ሥዕልህን ለሰው አሳያለሁ ብሎት፣ እሱ እጁ ላይ አንድም አልቀረውም። እሱ ሁሉንም ይፈልጋል፣ አጎቴ አንዱን ይፈልጋሉ፣ እኔ በመካከል አወራለሁ፣ ባንዳው ጠመንጃውን አንግቶ ከኋላ ይከተላል። ከሶላቶ ጋር በቀን መታየት ደግ ነገር አልነበረም። ጫካ ያሉት ቢሰሙ፣ የአጎቴን ዓይን ፍለጋ ነው ብንል ማን ያምነናል?

የመጀመሪያውን ያገኘነው በመሸንቲ መንገድ አንዲት ሴት ግቢ ውስጥ ነው። ፀሐይ በሐይቁ ላይ ስትጠልቅ የሚያሳይ ሥዕል ነበር፤ ሴትዮዋ በርበሬ አስጥታበታለች። ጣሊያኑ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ብዙ ቆየ። በመጨረሻ ቀዩ ከበርበሬው ጋር ይሻላል አለኝ። ሴትዮዋ በርበሬዋን ወደ ቁና እየገለበጠች፣ በዚህ ሰው ምክንያት ሳይደርቅ አነሣሁት ስትል አማረረች። ያን አልተረጎምሁም።

ሁለተኛው ማሽላ ማሳ መካከል በእንጨት ላይ ተሰቅሎ ቆሟል። የጣሊያኑ አለቃ መልክ ነው፣ ከነኮፍያው። ባለማሳው ይህ ከቆመ ወዲህ ዝንጀሮ ዝር እንዳላለ ነገረን፤ ባይወስዱብኝ ብሎ ለመነ። ጣሊያኑ ምን አለ ሲለኝ እንዳለ ነገርሁት። ወደ ሥዕሉ አየ፣ ወደ ጫካው አየ፣ ከዚያ ተወው አለ። አለቃዬ እዚህ ሥራ ላይ ነው ሲል እየሳቀ አልነበረም።

አጎቴ በየደረስንበት ሸራው ሲገለጥ ፊታቸውን ያዞሩና «እኔ ነኝ?» ይሉኛል። አይደሉም ስላቸው ደስታም ሐዘንም ይታይባቸዋል።

እንዲህ ስንዞር ሰንብተን ባለታንኳው መጣ ተባለና ወደ ዳር ወረድን። በዚያችው ታንኳ መሪጌታውም መጥተዋል፤ ጊዮርጊስ የሚያድሱት ሥዕል ስለነበራቸው ቀለማቸውን በየቅሉ ይዘዋል። የአጎቴ ፊት በጌሾው ላይ ተዘርግቷል። መሪጌታው መንገዱን ሁሉ ጀርባቸውን ሰጥተውት እንደመጡ ባለታንኳው በጆሮዬ ነገረኝ።

ጣሊያኑ ሸራውን ሊወስድ ጠየቀ። በምትኩ ከበርበሬዋ ሴት የወሰድነውን የፀሐይ ሥዕል እሰጥሃለሁ አለ። ባለታንኳው ፀሐይቱን ተቀብሎ በእጁ ዳበሰ፣ ለብርሃን ያዘ፣ በእፍኙ ውሃ አፈሰሰባት። መልሱን የሰጠው ግን ለአጎቴ ነው።

«አያ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይቺ ቀለሟ ስስ ነው፣ ታፈሳለች። እርስዎ ግን ጠብታ አያሳልፉም።»

አጎቴ በዚያ ሁሉ ጭንቅ ውስጥ ትንሽ ቀና እንዳሉ አየሁ። ባንዳው ልቀማው ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ጣሊያኑ በእጁ ከለከለው። ይሄኔ አጎቴ፣ ሥዕሉስ የትም ይሁን፣ ሌላውን ዓይን ይጨምርልኝ በለው አሉኝ።

ጣሊያኑ ሳቀ። «እኔ ያየሁትን ነው የምሥለው። በዚያ በኩል የሚታየው አንድ ዓይን ነው።»

«ዞሮ ቢያይ ኖሮ ሌላው እዚያው ነበር በለው» አሉ አጎቴ።

ነገርሁት። አሰበበት፣ ግን ያንኑ ደገመ። መሪጌታው ቅላቸውን ከፈቱ፣ የብሩሻቸውን ጫፍ በከንፈራቸው አሾሉ፣ ወደ ታንኳዋ ጎንበስ ብለው በሥዕሉ ጉንጭ ላይ፣ በአፍንጫውና በጆሮው መካከል፣ አንድ ትልቅ ዓይን ሣሉ። እንደ ግድግዳው ዓይን ትልቅና ጥቁር ነው። እሳቸው ሲሥሉ አጎቴ የገዛ ጉንጫቸውን እዚያው ቦታ ላይ ይዳብሱ ነበር።

ጣሊያኑ ቀላ። ከሠራተኛ አለቃው የተማርሁትን አንድ ቃል ተናገረ፤ ያን መተርጎም አላስፈለገም። ባንዳው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ሴቶቹ እንስራቸውን ይዘው ወደ ኋላ አሉ። መሪጌታው ግን ብሩሹን አላስቀመጡም።

«መቆጣቱ ልክ ነው፣ የሰው ሥራ ነክቻለሁ። ካሳው እሱን ልሣለው፣ ንገረው።»

ይህን ስነግረው ቁጣው ወዲያው ለቀቀው። በጌሾ እስር ላይ ተቀመጠ፣ የአንገቱን ቁልፍ ቆለፈ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ ጸጉሩን በምራቁ አስተኛ፣ ፊቱን ቀጥ አድርጎ ወደ መሪጌታው አዞረ። ሳንቃ ስላልነበረ የጥይት ሳጥን ክዳን ሰጣቸው። እርጥበት እንዳይነካው የሚል ተጽፎበት ነበር።

መሪጌታው ከአፍንጫው ጀመሩ። ከዚያ ጢሙ፣ ከዚያ አንገቱ፣ ቁልፉ ሳይቀር። ሴቶቹ ተመልሰው ቀረቡ። ዓይን ላይ ሲደርሱ ባለታንኳው መቅዘፊያውን ጨብጦ ቆመ። አንድ ዓይን ሣሉ። ከዚያ ወደ ውሃው ሄደው ብሩሻቸውን አጠቡ።

አጎቴ እጄን ያዙኝ። ጣሊያኑ ተነሥቶ ክዳኑን ተቀበለና አየው።

«ፊት ለፊቱ ነው የተቀመጥሁት። ለምን በጎኔ ሣለኝ?»

ጥያቄውን አደረስሁ።

«ያየሁትን ነው የሣልሁት» አሉ መሪጌታው።

ቃል በቃል መለስሁለት። ጣሊያኑ እንደገና ወደ ክዳኑ አየ፣ ፊቱ በራ። መሪጌታውን አቅፎ ሁለት ጉንጫቸውን ሳማቸው። ይህ ሰው አንድ ጊዜ አይቶ የእኔን አሣሣል ያዘ፣ ጎንደር መጀመሪያ የማሳየው ይህን ነው አለኝ። ይህንም ተረጎምሁ። ማንም አልሳቀም፤ ያን ያህል ጊዜ ሳቅ የያዘ ሰው አይቼ አላውቅም።

የቀረው ባንዳው ነው። የይፋግ ልጅ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ያውቃል። ክዳኑን በጣሊያኑ ትከሻ ላይ አጮልቆ አየ፣ ከዚያ እኛን አንድ በአንድ አየን። ጠመንጃውን መልሶ አነገተ። ወደ መሪጌታው ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«እኔን ግን እንዳይሥሉኝ፣ አባቴ» አላቸው።

ሠርጉ በጥር ሆነ። ጣሊያኑ ክዳኑን በሸሚዝ ጠቅልሎ በጀልባ ሄደ፤ ጎንደር መድረሱን አላውቅም። ሸራው እስከ ዛሬ ታንኳዋ ላይ አለ። የመሪጌታው ቀለም በውሃ የተበጠበጠ ስለሆነ ማዕበል በመታው ቁጥር ዓይኑ ይደበዝዛል፤ ታንኳዋ ገዳሙ ዳር ስትደርስ መሪጌታው ወርደው ያድሱታል። ተጋብተናላ ይላሉ።

አንዳንድ ነገር አሁንም አልጠራልኝም። በክዳኑ ላይ የጣሊያኑ ፊት ወደ ሐይቁ ነበር ወይስ ወደ ጊዮርጊስ? አጎቴና ባለታንኳው በዚህ አይስማሙም። ውሃ ልትቀዱ ወርዳችሁ የነበራችሁ ሴቶች፣ ከእኔ ይልቅ ቀርባችሁ ነበርና ንገሩኝ፤ ስንት እንደነበራችሁም እግረ መንገዳችሁን። ባንዳውም በሕይወት ካለ ይንገረኝ፤ ያን ዕለት ዳገቱን ሲወጣ እጁን ወደ ግንባሩ ሲያነሣ ከኋላው አይቼዋለሁ። አማትቦ እንደሆነ ወይም ዝንብ አባሮ እንደሆነ ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም፤ አንዱን ብሎ ይላክልኝ።