«ከላይ የመጣ ነው» ያልኩበት ዓርብ

ይህን ለእናቴም ሆነ ለጓደኞቼ ነግሬ አላውቅም። በየስብሰባው ግለ ሂስ አድርግ ስባል አርፍጃለሁ፣ ሰንፌያለሁ እያልኩ ጥቃቅኑን ነው የማወራው። ትልቁ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ውስጤ ቀርቷል።

ነቀምቴ፣ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ታይፕ እመታለሁ፣ ስቴንስል አባዛለሁ፣ በትርፍ ጊዜዬ ግጥም እሞክራለሁ። ግጥም ያስተማረኝ የለም፤ በዚያም እኮራ ነበር። መምህር ዳባ ደግሞ ዓርብ ዓርብ ተማሪዎቹን የግድግዳ ጋዜጣው ፊት አቁሞ የተለጠፈውን ሁሉ ያስመረምራል። ማን ጻፈው? በምን አወቀ? ጽፎ ምን ያገኛል? ወጣት አስተማሪዎችም ከኋላ ቆመው ይማሩ ነበር።

አንድ ዓርብ ተራው የእኔ ግጥም ሆነ። የጉቴ ገበሬዎች ጎተራ ሞልቶ እንደ ፈሰሰ ጽፌያለሁ።

«ጉቴ መቼ ሄድክ?» አለኝ መምህሩ።

«አልሄድኩም።»

«ታዲያ እህሉ ማን ላይ ፈሰሰ?» አለች ጫልቱ የምትባል ምላሰኛ ተማሪ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ጉቴ እኮ ጠዋት ወጥቶ በእግር የሚደረስበት ነው! እውነታቸውን ነበር። ያንገበገበኝም እሱ ነው።

በሳምንቱ ቢሮዬን ዘግቼ «አንድ መምህር ተማሪዎች የመንግሥትን ጋዜጣ እንዲጠራጠሩ እያስተማረ ነው» ብዬ ታይፕ መታሁ። ስም አልጻፍኩበትም። እኔው መታሁት፣ እኔው ለጠፍኩት።

መምህር ዳባ አነበበው። ስለ እርሱ መሆኑ ገብቶታል። ግን ወደ ተማሪዎቹ ዞሮ «እስቲ፣ ጥያቄዎቻችሁ የት አሉ?» አለ።

ጫልቱ እጇን አወጣች። «ስም የለው፣ ማኅተም የለው። ማን ጻፈው?»

ዝም ብል ኖሮ ወረቀቱ እዚያው ይሞት ነበር። ዝም ማለት ምን ያህል ይከብድ ነበር? እኔ ግን ከቢሮዬ በር ላይ ሆኜ፣ «ከላይ የመጣ ነው። ለጥፍ ተብዬ ነው» አልኩ።

የጫልቱ እጅ ወረደ። ከላይ መጣ የተባለን ነገር ደፍሮ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ያንን አውቄ ነው ያልኩት።

ስብሰባ ሲጠራም ከላይ ከማን ብሎ የጠየቀ የለም። መምህር ዳባ ተነሥቶ «ተማሪዎችን አሳስቻለሁ» ብሎ ግለ ሂስ አደረገ። ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነኝ። አንድ ቃል ሳላጎድል ጻፍኩት። ከማስተማር ታገደና ኡኬ በምትባል ትንሽ ከተማ የመጋዘን ጠባቂ ሆነ። የዓርቡም ነገር ቀረ።

ባለፈው ክረምት ኡኬ ላይ ከአውቶቡስ ስወርድ አገኘሁት። «አካም ጅርታ፣ ኢልማ ኮ?» አለኝ፤ እንዴት ነህ፣ ልጄ ማለቱ ነው። አሁንም ግጥም እጽፍ እንደሆነ ጠየቀኝ። ያን ወረቀት ማን እንደ ጻፈው ግን አልጠየቀኝም። ሁሉን ይጠይቅ የነበረ ሰው! እኔም አልነገርኩትም።

ልጅ ነበርኩ፣ ዘመኑ ክፉ ነው ማለት እችላለሁ። አልልም። ዘመኑ ታይፕ አይመታም።

ይህን ጽሑፍ በእርሱ መንገድ መርምሩት። ማን ጻፈው? እኔ። በምን አወቀ? ያደረግኩት እኔ ነኝ። ጽፎ ምን ያገኛል? እዚህ ላይ ተጠንቀቁኝ፤ ቀለል እንዲለኝ ፈልጌ ነው። ይቅር ሊል የሚችለው ሰው ኡኬ ነው ያለው። እኔ ግን አሁንም የምጽፈው ለእናንተ ነው።