ጠማማው የስንዴ መስመር

አርዲስ ትዌተን ወደ ስብሰባችን የገባችው በአንድ እጇ የፖም ኬክ፣ በሌላው የባሏን የኦርቪልን የሞት ምስክር ወረቀት ይዛ ነው። ኬኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ወረቀቱን ግን አልለቀቀችም።

የወረዳው የእርሻ ኮሚቴ ሦስት ሰው ነው፤ ሦስታችንም ገበሬዎች፣ ሦስታችንም ጎረቤቶቿ። የመንግሥት የሰብል ድጎማ ለማን እንደሚገባ የምንወስነው እኛ ነን። ደንቡ ደረቅ ነው፤ ገንዘቡ የሚሰጠው መሬቱን ለሚያርስ እንጂ ስለ ወረሰው ብቻ ለማንም አይደለም። በፋይሉ ላይ አርባ ዓመት ሙሉ "ገበሬ" ተብሎ የተጻፈው ኦርቪል ነው። አርዲስ "ሚስት" ናት። እዚህ አሜሪካ፣ በሰሜን ዳኮታ የገበሬ ሚስት ምን ስትሠራ እንደምትውል ለማወቅ ወረቀት የሚያስፈልገው መሥሪያ ቤት ብቻ ነው። ያም ሆነ ይህ፣ ድጎማውን ከከለከልናት የከርሞ ዘር መግዣ የላትም፤ መሬቱን አከራይታ ከተማ ልጇ ዘንድ መግባቷ ነው።

ሰብሳቢያችን ዴልማር ጉሮሮውን ጠረገ። "ወይዘሮ ትዌተን፣ እርስዎ በእርሻው ላይ..."

"ዴልማር፣ አንቱታው ከየት መጣ? ባለፈው ሳምንት ኮርማህ ስንዴዬ ውስጥ ሲገባ 'አንቺ፣ አባሪልኝ' ብለህ ስትጮህ አልነበረም እንዴ?"

ሳቅን። ዴልማር ፊቱ ቀላ። "እሺ በቃ! የዘር መዝሪያ መኪናውን ትነጂ የነበረው አንቺ ነሽ ወይ? አዎ ወይም አይደለም በዪኝ።"

አርዲስ ዝም አለች። ይቺ ሴት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ዝም ስትል አይቻት አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ዘንድ የገበሬ ክብሩ የዘር መስመሩ ነው። ስንዴው በቅሎ ከመንገድ ሲታይ ቀጥ ካላለ፣ ባለቤቱ ጠዋት ካፌ ባይመጣ ይሻለዋል። የኦርቪል መስመር ዕድሜውን ሁሉ ክር የመሰለ ነበር። ባለፉት ስድስት ዓመታት ግን ከመንገዱ ዳር እስከ ጉብታው ድረስ ተጣመመ፤ እኛም አልማርነውም። "ኦርቪል፣ ስትዘራ ጥንቸል እያባረርክ ነበር እንዴ?" እንለዋለን። "የኳስ ጨዋታ በሬዲዮ እየሰማሁ ስለምዘራ ነው፤ ጎበዝ ከሆናችሁ እናንተም ሞክሩት" ይለናል። አርዲስ በመኪና ካፌ አምጥታው በር ላይ ትጠብቀዋለች። ጉልበቱን ስለሚያመው ነው ትላለች።

"ዓይኑ ጠፍቶ ነበር" አለች በመጨረሻ። "ስድስት ዓመት ሙሉ መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ። እሱ አጠገቤ ተቀምጦ 'ወደ ግራ፣ ወደ ግራ' ይለኛል። ምንም አያይም እኮ! ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ ብሎ አስምሎኛል። ይኸው ለድጎማ ብዬ አጋለጥኩት።" እንባዋ ወረቀቱ ላይ ወረደ።

ዴልማር ባርኔጣውን አወለቀ። "አርዲስ፣ እናውቅ ነበር።"

"ምኑን?"

"ኦርቪል ሰክሮም ቢሆን ቀጥ አድርጎ ይዘራል። መስመሩ የጠመመ ዕለት መሪው ማን እጅ እንደገባ ሦስታችንም ገባን።" ከዚያ ፋይሉን ወደ ራሱ ስቦ "ሚስት" የሚለውን ሰረዘና "ገበሬ" ብሎ ጻፈ። ማስረጃ በሚለው ቦታ ላይ "መስመሯ ከመንገድ ይታያል" ብሎ ጨመረበት። ሦስታችንም ፈረምን።

እፎይ ትላለች ብዬ ስጠብቅ አርዲስ ጠረጴዛውን በጥፊ መታችው። "እያወቃችሁ! ስድስት ዓመት ሙሉ እያወቃችሁ ነው ያን ምስኪን መሳቂያ ያደረጋችሁት?"

ዴልማር ወደ እኔ ዞረ። እኔም ከኦርቪል ቀብር ወዲህ በሆዴ ይዤው የቆየሁትን አወጣሁት።

"መቀለዱን ብናቆም ኖሮ ማወቃችንን ያውቅ ነበር፣ አርዲስ።"

አርዲስ ቢላዋ አንስታ ኬኩን ቆረሰች፤ የመጀመሪያውን ቁራሽ ለእኔ ሰጠችኝ። ቁራሹም ጠማማ ነበር፤ እኔ ግን ምንም አልተናገርኩም።