የጎብዬው ቁርስ

ሰው «እንኳን ደስ ያለህ» ሲለኝ «እሺ» እላለሁ። 

በየዓመቱ ለከተማ አንትሮፖሎጂ መጽሐፍ የሚሰጠውን ሽልማት ያገኘሁት ስለ መርዶ በጻፍኩት መጽሐፍ ነው። ሰው ሁሉ ስልክ በያዘበት ዘመን ከተማችን ቆቦ ሞትን ከባለሐዘኑ እንዴት ደብቃ እንደምታቆይ፣ ለመርዶ ማን እንደሚላክ፣ እንዴት እንደሚነገር። በቃ፣ መጽሐፉ ይኸው ነው።

ያስተማረችኝ እናቴ ናት። ሰፈራችን መርዶ ሲኖር መጀመሪያ የሚጠራው እሷን ነበር። «ባዶ ሆድ መርዶ አይችልም፤ አስቀድማችሁ አብሉት። ስልኩንም በዘዴ ተቀበሉት፤ ያልሆነ ሰው ደውሎ እንዳያረዳው» ትላለች። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስጽፍ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያለች ትስቅብኛለች። ሽልማቱን እጇ ላይ ላስቀምጥላት ነበር የቸኮልኩት። ሌላው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ግድም አልሰጠኝ።

ለሽልማቱ አዲስ አበባ ሳለሁ ወደ ቤት ስደውል የሚያነሳው ወንድሟ፣ አጎቴ ነበር። አንዴ ጸበል ሄዳለች፣ አንዴ ተኝታለች ይለኛል። አመንኩት። አጎቴ ዋሽቶኝ አያውቅማ።

ስመለስ ወልድያ አድሬ በማለዳ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አጎቴ ደወለ። «ጎብዬ እየጠበቅኩህ ነው፤ ውረድና ቁርስ አብረን እንብላ።» ከቆቦ ድረስ ሊቀበለኝ መምጣቱ ደስ አለኝ እንጂ ሌላ አላሰብኩም።

አስፋልቱ ዳር ካለች ምግብ ቤት ተቀመጥን። ጥብስ አዘዘ። «እስቲ ስልክህን፤ የኔ ባትሪው አልቋል» አለና ተቀብሎኝ ኪሱ ከተተው። የትም አልደወለም። እኔ ስለ አዳራሹ፣ ስለ ጭብጨባው አወራለሁ፤ እሱ ያጎርሰኛል። «ብላ እንጂ፣ ከመንገድ ነህ።» እሱ ግን አንድ ጉርሻም አልቀመሰ። ትሪውን ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ከኋላዬ ተቀምጠው የነበሩ ሁለት ሽማግሌዎች ተነስተው አጠገባችን ሲቀመጡ ነው የገባኝ። እናቴ ለመርዶ ስትሄድ ይዛቸው የምትሄዳቸው የሰፈራችን ሰዎች ናቸው። አቤት ሞኝነቴ! ይህን ሁሉ ጽፌዋለሁ፤ ተሸልሜበታለሁ።

«መቼ?» አልኩ።

«አንተ ከሄድክ በኋላ ታመመች። አልቆየችም፤ ቀብረናታል» አለ አንደኛው።

ማልቀስ ነበረብኝ፤ አልመጣልኝም። ተነስቼ እጄን ታጠብኩ። ውሃው ይቀዝቅዝ ይሙቅ አላውቅም። ተመልሼ ተቀመጥኩና አጎቴን «ለቀብሯ እንኳን እንዴት አትጠሩኝም?» አልኩት። ተናድጄ ነበር፤ ድምፄ ግን የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

አጎቴ ስልኬን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ።

«እሷው ናት የከለከለችን» አለ። «ሳይሸለም እንዳትነግሩት አለች። ስትነግሩትም አስቀድማችሁ አብሉት አለች።»