ከመስቀሉ ግርጌ የተነሣው ልስን

ጤናዬ ከተሳለመችበት ቦታ ባዶ እጇን ተመልሳ አታውቅም። አሜሪካ፣ አውሮራ ከተማ ያለው ቤቷ መሳቢያው ሁሉ በሶፍት የተጠቀለለ የገዳም አፈር ነው። ባሏ አለምሰገድ፣ «ጉምሩክ ቢያውቅ፣ አገሩን በሶፍት ጠቅልላ አስገባችው ይልሽ ነበር» እያለ ያሾፍባታል።

ባለፈው ሐምሌ ልጃቸው ሔቨን ስፔን ይዛት ሄደች። ሔቨን አርክቴክት ናት፤ እዚያ አንድ ጥንታዊ የሳንቲም መምቻ ቤት ሲታደስ በየዓመቱ እየሄደች ትሠራለች። ወንዙ መዘውር እያዞረ ብር ይመታበት የነበረው አዳራሽ፣ የውኃው ቦይና የእንጨት ጣሪያው ሳይቀር ተጠብቆ አለ። የጤናዬ ልብ ግን ሌላ ቦታ ቀረ። ለጎብኚ ዝግ በሆነች ክፍል ውስጥ፣ የጥንት ሠራተኛ ግድግዳው ልስን ላይ የጫረው መስቀል ነበር። ሔቨን ሥራዋ ላይ ሳለች፣ የባሏን ጉልበት ሕመም በእጇ እያስረዳች ልሳለመው ብላ ለመነች። ሽማግሌው ዘበኛ አዘነላትና ከፈተላት። እሱ ዘወር ሲል ከመስቀሉ ግርጌ በጥፍሯ ቦርቡራ ጥቂት ልስን አነሣች። ሌብነት ነው ብትሏት ትደነግጥ ነበር፤ ለእሷ በረከት ነው።

ልስኑን ፈጭታ በጠበል ለውሳ የአለምሰገድን ጉልበት ቀባችው። አለምሰገድ አየር ማረፊያ መንገደኛ በዊልቸር ሲገፋ ነው የሚውለው። በማግስቱ «ተሻለኝ» አላት። አልተሻለውም። ግን ሚስቱ ተንበርክካ ስትቀባው እያየ ሌላ ምን ይበል?

አንድ እሑድ ሔቨን ፊቷ ጠቁሮ ለምሳ መጣች።

«ማሚ፣ ያ ጋርዱ ትዝ ይልሻል? ከሥራው ሰስፔንድ አደረጉት። ግድግዳው ዳሜጅ ሆኗል። ለማን እንደከፈተ አልናገርም ብሏል።»

ጤናዬ የጠቀለለችውን ጉርሻ መልሳ ትሪው ላይ አኖረች። ብትናገር እዚያ ይዛት የገባችው ልጇ ሥራዋን ታጣለች፤ ዝም ብትል ሰውየው። አለምሰገድ በጠረጴዛው ሥር እግሯን ነካ አደረጋት፤ ዝም በይ ማለቱ ነው። እሷን ግን ዝምታው አልዋጥ አላት።

«እኔ ነኝ» አለች። «በጥፍሬ።»

«ልስኑ የት አለ? እንመልሰዋለን» አለች ሔቨን።

ጤናዬ ቀና ሳትል የባሏን ጉልበት አሳየቻት።

ሔቨን ለኃላፊዎቿ ሁሉንም ተናገረች። ዘበኛው ሥራው ላይ ተመለሰ፤ ሔቨንን ግን ሁለተኛ ለሥራ እንዳትመጣ አሏት። ጤናዬን እህል አልወርድ አላት። «የልጄን እንጀራ በጥፍሬ ቦረቦርኩት» ትላለች። ከዚያ ወደ ባሏ ዞር ብላ፣ «ብቻ ያንተ ጉልበት ዳነ» ትለዋለች። አለምሰገድ ይህን በሰማ ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጥ ነበር።

አንድ ቀን ሔቨን እነሱ ቤት እያለች ዘበኛው ሊያመሰግናት ከስፔን ደወለላት። ጤናዬ «ይቅር በለኝ በይልኝ» አለቻት። ሔቨን ነገረችውና መልሱን ሰማች።

«የአባትሽ ጉልበት ተሻለው ወይ? እያለ ነው።»

አለምሰገድ ያን ዕለት ከባቡር ጣቢያው እያነከሰ ሲመጣ ሔቨን በመስኮት አይታዋለች። ጤናዬ ዓይን ዓይኑን ታያለች።

«በጣም ተሽሎታል በይው» አለ፣ ጉልበቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ።

ሔቨን አባቷን ትኩር ብላ አየችው፤ ከዚያ እንዳለው አድርጋ ተረጎመች።